ስድስተኛው ቅጂ

ሚያዝያ 4

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን «እንደምን ነሽ፣ ለጤናሽ ደህና ነሽ ወይ» ብለህ ጀምረሃል። ደህና አይደለሁም። እኔ ግን እንደምን አለህ አልልህም። እንደምን አለህ የሚባለው የተጠየቀውን ለሚመልስ ሰው ነው። እኔ ባለፈው አንድ ነገር ጠየቅኩህ፤ አንተ የመለስክልኝ ያልጠየቅኩህን ነው። ስለዚህ ሰላምታዬን እዚሁ አስቀምጬዋለሁ። የሚገባህ ቀን ይላክልሃል።

ማተሚያው ደርሷል። የሱቁ ሰውዬ በትከሻው ተሸክሞ እያለከለከ አመጣውና «ወንድምሽ ከፍሎ ጨርሷል፣ አንቺ ተጠቀሚበት ብቻ» ብሎኝ ሄደ። እናታችን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ለቀቀችለት። ገና መብራት ሳይሰካበት ዳንቴል አልብሳዋለች። «አቧራ እንዳይገባው» ትላለች። እስካሁን የሚያውቀው አቧራ ብቻ ነው፤ ወረቀትማ አልወጣውም። ገመዱን ትተህልኝ በሄድከው ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። አንድ ጊዜ ጢው አለ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም። ከካርቶኑ ውስጥ ሲዲ ወጣ፤ ያንተ ላፕቶፕ ደግሞ ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም። እንዴት እንደሚያያዝ ጻፍልኝ። ይኼ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው።

«ለምን ውጭ አታሳትሚም?» ብለሃል። ነግሬህ ነበር፤ ወይ አላነበብከውም፣ ወይ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል። ከምርምር ተቋማችን በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የአቤቱታዬን ረቂቅ አሳተምኩ። ባለቤቱ «እንዲፈጥንልሽ ወደ ኮምፒውተሩ ልገልብጠው» አለ፤ እኔም ሞኝ ነኝ፣ እሺ አልኩ። በማግስቱ የላይኛው ሰውዬ ደረጃው ላይ አስቆመኝና ሦስተኛውን አንቀጽ ቃል በቃል እየጠራልኝ ሳቀ። የላይኛው የምልህ እግዜርን አይደለም፤ እሱ ራሱ ልዩነቱን ባያውቀውም። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረውን ፕሮፌሰር ነው። «‹የላቤ ፍሬ› የሚለው ለሳይንስ ሰው አይመጥንም፤ አውጪው» አለኝ። አቤቱታዬን እንደ ፈተና ወረቀት አረመልኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ ፍላሼ ከእጄ አይወጣም። የማትመው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ያው ያለፈው ነው። አልገባህ ከሆነ ለኮሚቴው በምጽፍበት ቋንቋ ልድገምልህ። ከከተማው ዳር ያሉትን ጉድጓዶች ውሃ ሁለት ዓመት ሙሉ የለካሁት እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹ ላይ የጻፍኩ፣ ጨዉን የመዘንኩ፣ ሠንጠረዡን የሠራሁ እኔ ነኝ። አንተ ሞተር ብስክሌቱን ነዳህ፣ ገመድ ሳብክ። ረቂቁን አማካሪዬ ነው ብዬ ለላይኛው ሰጠሁት። «ገና ነው፣ ብዙ ይቀረዋል» እያለ አምና ሙሉ አቆየው። ዘንድሮ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የሱ ስም ብቻ። ምስጋናው ላይ የሽፋኑን ቀለም የመረጠው ሰውዬ ሳይቀር ተመስግኗል፤ እኔ የለሁም። ስጠይቀው «ዕውቀት የማንም የግል ንብረት አይደለም» አለኝ። እንግዲያው ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ይህን በጠየቅኩ ሳምንት የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀበሉኝ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባለው ሠንጠረዥ የካባው ጉድጓድ አለበት። አስታወስከው? ከድንጋይ ካባው ማዶ ያለው። ፀሐዩ ከብዶህ፣ መንገዱ ርቆህ፣ ጠርሙሱን ከቅርቡ ጉድጓድ ሞልተህ «ይኸው ደርሼ መጣሁ» ብለህ የሰጠኸኝ። ቁጥሮቹ መንታ ሆነው ሲወጡ ያዝኩህ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ እናታችን ሳህኑን ሳታጥቢ አጠብኩ አልሽ ስትለኝ እንኳ «የካባው ጉድጓድ ነው» እንባባል ነበር። እኔ ከመጨረሻው ቅጂዬ ሰረዝኩት። እሱ እጅ ያለው የመጀመሪያው ረቂቅ ስለሆነ ከነስንፍናህ አሳተመው። ያን ጉድጓድ የለካ ሰው የለም። እሱ ለካሁ የሚል ከሆነ መቼ ሄዶ፣ በምን ገመድ? «ያ ጠርሙስ ከካባው አልመጣም፤ እኔ ነኝ ከሌላ ጉድጓድ የሞላሁት» ብሎ ሊመሰክር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ደብዳቤዬን ይዞ ስለ አየሩ ሁኔታ ይጽፍልኛል።

ኮሚቴው ግንቦት 15 ይሰበሰባል። የሚቀበለው በማተሚያ የወጣ፣ የተፈረመበት፣ የምስክር ቃል የተያያዘበት አምስት ቅጂ ነው። ማተሚያውን ሰጠኸኝ። ቃልህን ስጠኝ።

ተርብ ያልካት እህትህ


ሚያዝያ 10

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለተርቤ፣

እንደምን ከርመሻል? እናታችንስ? ጉልበቷ እንዴት ነው? እኔ አቧራውና ነፋሱ ካልሆነ የሚከፋኝ የለም። ምሰሶው ገና ግማሽ ላይ ነው። ለሰው ሁሉ ስልክ የምንተክል ሰዎች ራሳችን ስልክ የለንም፤ የስንቅ መኪናው ባይኖር ይኼን ደብዳቤም በወፍ ነበር የምልክልሽ። ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ።

ማተሚያው አያስጨንቅሽ። ይኼንኑ ዓይነት አምና ገጥሜያለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ስህተቱ ገመዱን ቀድመሽ መሰካትሽ ነው። ፕሮግራሙ ሳይገባ ገመድ ከተሰካ ላፕቶፑ ማሽኑን በደንብ ሳያውቀው ስሙን ብቻ ይመዘግባል፤ ልክ ሰው ሳያስተዋውቁት ገብቶ እንደሚቀመጥ እንግዳ። ስለዚህ ገመዱን ንቀዪው። ሲዲውን እርሺው። ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው። ከዚያ ያለ ገመድ እናያይዘዋለን። ማሽኑ ላይ የሞገድ ምልክት ያለባትን ቁልፍ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስኪል ድረስ ተጭነሽ ያዢ፤ ወዲያው እናታችን መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ኋላ ያለው የኢንተርኔት ሳጥን ላይ ያለችውን መሰሏን ቁልፍ ተጫኚ። ቶሎ በዪ፣ ረጅም ጊዜ አይጠብቅሽም። እናታችንን አንዱ ጋ አቁሚያትና «አሁን!» በያት። መብራቷ መብለጭለጯን ትታ ረግታ ስትቆም ማሽኑና ሳጥኑ ተዋውቀዋል ማለት ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ማተሚያ ጨምር በዪው፤ ራሱ ይፈልጋል። ምናልባት አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ስሞች ያመጣልሽ ይሆናል። አንደኛው በገመድ ስትሞክሪ የቀረ ስለሆነ አትደናገጪ። «ዝግጁ» የሚለውን ምረጪ። ወረቀት ስታስገቢ ዳርና ዳሩን አስተካክለሽ ነው፤ ሲበዛ ያንቀዋል። ዳንቴሉን አንሺው፣ ሙቀት ያፍነዋል።

ስለ ሌላው ጉዳይ ስመጣ ተቀምጠን እንነጋገራለን። ነገር በሩቁ አያምርም።

እናታችንን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 17

ለወንድም ጋሼ፣

በማግስቱ በሾፌሩ እጅ በላክኸው ቁራጭ ወረቀት «አኩርፈሽ ይሆን?» ብለሃል። ማኩረፍ ለሕፃን ነው። እኔ የምሆነውን ነገር ስሙን ጠርቼ እናታችን ብታነበው አፌን በሳሙና ታጥበኛለች።

ስለ ማሽኑ አንድ ሙሉ ደብዳቤ፣ ስለ እኔ አንድ መስመር። «ነገር በሩቁ አያምርም»! መሰረቅስ በቅርቡ ያምራል? ስለ ወረቀት ዳርና ዳር ይኼን ያህል የተጨነቅክ ሰው ስለ እህትህ ጉሮሮ መታነቅ አንድ ቃል ጠፋህ? ያለኝ ወንድም አንተ ነህ፣ አንተም ላትጥለኝ ቃል የገባህልኝ ነህ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን ለባሎች ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ለማንኛውም ያልከውን አደረግኩ። እናታችን ቁም ሳጥኑ ጋ ቆማ እኔ ሳሎን ሆኜ «አሁን!» ስላት «ምኑን?» አለች። ሁለት ጊዜ አመለጠን። በሦስተኛው መብራቷ ረጋች። ላፕቶፑ እንዳልከው ሁለት ስም አመጣ፣ «ዝግጁ» የሚለውን መረጥኩ። አቤቱታዬን አትም አልኩት። «ታትሟል» አለኝ። ማሽኑን አየሁት፤ በልቶ እንደጨረሰ ሰው ዝም ብሏል። እንደገና አልኩት። «ታትሟል»። ወረቀቱ ባለበት ቁጭ። ሦስተኛ ጊዜ ሳዘው እናታችን መጥታ ጎኑን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችውና «ውሃ ጠምቶት ይሆናል፣ ቀለሙን እዪለት» አለች። ቀለሙ ሙሉ ነው። ያለው ውሸት ብቻ ነው። ሳይሠራ ሠርቻለሁ ማለትን ካንተ የተማረ ይመስላል።

ጣራው ደግሞ ጥርርር ይላል። የላይኛው ቤት የልብስ ስፌት መኪና ሳይገዙ አልቀሩም፤ እኔ በተናደድኩ ቁጥር ይሰፋሉ።

«እናታችን ምን ትላለች?» ላልከው፣ ሆድ ይፍጀው ትላለች። ሆዴ የሰው ሌብነት የሚነድበት ምድጃ አይደለም አልኳት። «እሳቸው እኮ ለወንድምሽ ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉ ሰው ናቸው» አለችኝ። «እሱ ነው የጻፈው» አልኳት። «እሳቸው በይ እንጂ!» «ሌባን አንቱ ማለት አላውቅም።» ተነስታ ሄደች። ድጋፍ መጻፉን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እሱንም ስትመጣ ተቀምጠን ልንነጋገረው ነበር?

የላይኛው ሚስት ትናንት ደረጃ ላይ አገኙኝ። ሁሌም «ልጄ፣ ደህና ዋልሽ?» የሚሉኝ ሴትዮ ከመድኃኒት ቤታቸው ሲመለሱ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ አንገታቸውን ሰብረው አለፉ። ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም።

ቃልህን እጠብቃለሁ። ስለ ማሽኑ ምንም አትጻፍልኝ፤ ስለ ማሽኑ ብቻ የምትጽፍ ከሆነ ወረቀትህን ቆጥብ።

ተርብ


ሚያዝያ 23

ተርቤ፣

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ በአጭሩ። ደብዳቤሽን አሁን ነው ያነበብኩት። ይኼ ሲደርስሽ ማተሙን አቁሚ። አንድም ገጽ እንዳትልኪ።

ላፕቶፑ የቱ ኔትወርክ ላይ እንደገባ እዪ። የእናታችን ሳጥን ቁም ሳጥን ኋላ ስለሆነ ሳሎን ድረስ ሞገዱ ደካማ ነው፤ ላፕቶፑ ቀድሞ የሚያውቀው ሌላ ጠንካራ ካገኘ ወደዚያ ይሄዳል። ሁለቱ የማተሚያ ስሞች መጨረሻቸው ላይ ያለው ቁጥር ይለያያል። ከማሽንሽ ጀርባ ከተለጠፈው ጋር አስተያዪው። የኛ ካልሆነው አጥፊው።

ተቆጥተሽ ወደ ላይ እንዳትወጪ፣ እለምንሻለሁ። ምክንያቱን ስመጣ እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ


ግንቦት 1

ለወንድም ጋሼ፣

ምክንያትህ አንተን አልጠበቀም። ደብዳቤህ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀድሞ በሩን አንኳኳ።

የላይኛው ሚስት ነበሩ። ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ገቡ፣ እናታችን ያቀረበችላቸው ወንበር ላይ ጫፉን ይዘው ተቀመጡ። ከቦርሳው ውስጥ ወረቀት አወጡና ጭናቸው ላይ አስተካከሉት።

«ልጄ፣ ይኼ ያንቺ ነው መሰለኝ» አሉኝ።

አቤቱታዬ ነው። ሦስቱም ጊዜ የታተመው። ከነርዕሱ፣ «በፕሮፌሰሩ ስለተፈጸመብኝ ስርቆት» ከሚለው።

«ከየት አመጡት?» አልኳቸው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

«ከኛው ማተሚያ ነው የወጣው። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሳይነካው ጥርርር ብሎ ሲተፋ ሰይጣን ነው ብዬ አማተብኩ። አነበብኩትና ሰይጣንስ ይሻል ነበር አልኩ።» ሳቅ ሊመጣቸው ነበር፣ ዋጡት። «እሱ አላየውም። ስልክ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ የመድኃኒት ቤት ወረቀት ነው ብዬ አነሳሁት። ሦስተኛውን እሱ ሊያነሳ ሲል ነው የነጠቅኩት። ልጄ፣ እኔ ቀን ከሌት ማሽን ስጠብቅ ልኖር አልችልም።»

«እኔ እኮ የላክሁት ወደዚህ ነው» ብዬ ዳንቴል የለበሰውን አሳየኋቸው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አዩት፣ ጥጉ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጣታቸው ነኩት።

«ታዲያ በዚህ ነው እኮ ወንድምሽ የገጠመልን» አሉ። «አምና። ለሥራው ስለጻፈለት ምስጋና ብሎ ማተሚያውን ገዝቶ አመጣልን። እሱው ራሱ ገጠመው። የመጀመሪያውንም ገጽ እሱ ነው ያወጣው።»

«የመጀመሪያው ገጽ ምን ነበር?»

«የመጽሐፉ ነዋ። ባለቤቴ ‹በዚህ ሞክረው› ብሎ ሰጠው። ቁጥር ቁጥር የሞላበት፣ የጉድጓዶች ስም ያለበት። ወንድምሽ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ሻይ ላምጣልህ ብለው አልሰማኝም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት።»

ወንድም ጋሼ፣ ሠንጠረዡን ይዘህ ቆመሃል። የካባውን ጉድጓድ አይተሃል። የራስህን ስንፍና፣ እኛ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን፣ በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ፣ በገዛ እጅህ አትመህ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አንብበሃል። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጠህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ አንድ ፎቅ ወርደህ፣ እኔ ከምሠራበት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠህ እራት በላህ። «ረቂቁን ገና ነው እያለኝ ነው» ስልህ «ታገሺ» አልከኝ። ታገሺ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለህ ወደ ካምፕህ ሄድክ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ላስቆመው እችል ነበር። አንድ ዓመት ነበረኝ፤ ያን ዓመት አንተ ምሰሶ ላይ ወጥተህ አሳለፍከው።

እኔ ደግሞ «ወንድሜ አልገባው ይሆናል» ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁህ። ከኔ ቀድሞ የሚያውቀውን ሰው! ውሃ ስወቅጥ ነበር የከረምኩት። ማተሚያ የላክህልኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ በእጅህ ያለውን ቃል ላለመስጠት በሱቅ ያለውን ዕቃ ሰጠኸኝ። እሱም የላይኛው ማተሚያ መንታ ሆኖ ተገኘ። ይቺ እንኳ የካባው ጉድጓድ ናት፤ አዲስ ነገር ላለመማር የምታውቀውን ማሽን ደግመህ ገዛህ።

ሴትዮዋ ለሽምግልና ነበር የመጡት። «በሁለተኛው እትም ምስጋናው ላይ ስምሽን አስገባዋለሁ፣ እኔ አስጨርሰዋለሁ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምስጋናውን ለባለ ቀለሙ ይተውለት። እኔ የምፈልገው ሽፋኑን ነው።»

«ልጄ፣ ሁሉን ነገር ከያዝሽው ክንድሽ ይዝላል። እኔም ስንቱን ትቼ ነው የኖርኩት።»

«እኔ ለመተው አልተማርኩም።»

እናታችን እንግዳዋን በር ድረስ ሸኘች። እኔ «አሁን ደግሞ ሆድ ይፍጀው ልትል ነው» ብዬ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን «አምና አይቶታል ማለት ነው?» አለችኝ። «አይቶታል» አልኳት። «እዚህ ተቀምጦ እየበላ?» «እዚህ ተቀምጦ።» ሄዳ ዳንቴሉን ከማሽኑ ላይ አነሳችው፣ አራት አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲህ ይሥራ» አለች።

ቁጥሩን አስተያየሁት፣ የኛ ያልሆነውን ለየሁት። ኔትወርኩን ቀየርኩት። አሁን በራሴ ማሽን አትማለሁ። አንድ ወረቀት ብቻ ይጎድለኛል። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት የሚደርስ የስንቅ መኪና አንድ ነው። ቃልህ ካለበት መልካም። ከሌለበት የማስቀምጥልህ ሰላምታ የለም፤ እቀደዋለሁ።

ስሜን አልጽፍም። ሥራዬም ላይ አልተጻፈም፤ አይተሃል።


ግንቦት 8

ለእህቴ፣

ሰላምታ አልጽፍም። አልወስድም ብለሽ ከምትመልሺው ይቅርብኝ።

«ምን ብለህ ነው ሻይ የጠጣኸው?» ብለሽ በሾፌሩ ለጠየቅሽኝ፣ አልጠጣሁትም። ቀዝቅዞ ተውኩት። ይህን የምነግርሽ ለመከላከል አይደለም፤ ስለጠየቅሽ ነው። ይቅርታም አልጻፍኩም። ብጽፈው ወረቀቱን ትቀጂዋለሽ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከጀርባው የሚያስፈልግሽ ነገር አለበት። ገልብጪው።

እዚህ ማተሚያ ስለሌለ በእጄ ነው የጻፍኩት። መልሰሽ አትተይቢው፤ ያኔ ቃሌ አይሆንም፣ ያንቺ ይሆናል። የማሽኑን ክዳን ክፈቺ፣ መስታወቱ ላይ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍተሽ ከቀስቱ ጥግ ጋር አስጠጊው፣ ከዚያ ቅዳ የምትለውን ተጫኚ።

የላይኛው የካምፑን አለቃ ያውቁታል። ይህን አውቄ ነው የፈረምኩት። ምናልባት ካሰብሽው ቀድሜ እመጣ ይሆናል። ሳሎን ያለችውን ፍራሽ እናታችን አታውጣት።

(ከጀርባው)

ለአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ። እኔ የአመልካቿ ታላቅ ወንድም ነኝ። የጉድጓዶቹን ውሃ ስትለካ ሁለት ዓመት አብሬያት ነበርኩ። በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ውስጥ የካባው ጉድጓድ ተብሎ የተቀመጠው ቁጥር የካባው ጉድጓድ አይደለም። መንገዱ ርቆኝ ጠርሙሱን ከቅርቡ ጉድጓድ የሞላሁት እኔ ነኝ። እህቴ ስህተቱን አግኝታ ከሥራዋ አውጥታዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ የተገኘው ከሷ የመጀመሪያ ረቂቅ ስለተወሰደ ነው። ፕሮፌሰሩ እዚያ ጉድጓድ አልሄዱም፤ እኔም አልሄድኩም። ይህንኑ ሠንጠረዥ አምና በቤታቸው በእጄ አትሜ አይቼዋለሁ፣ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን ዝም አልልም።


ግንቦት 17

ለወንድም ጋሼ፣

«ደረሰ ወይ?» ላልከው፣ ደርሷል። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ «ይኼን በእጇ ስጣት፣ ለእናቷም ቢሆን እንዳትሰጥ ተብያለሁ» አለ። እናታችን ተቀየመች።

አነበብኩት። ያልከኝ እውነት ነው፤ ፊተኛው ገጽ ላይ ይቅርታ ብለህ ቢሆን እቀደው ነበር። መስታወቱ ላይ ደፋሁት፣ ከቀስቱ ጋር አስጠጋሁት። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ሠራ። እናታችን የወጣውን እየተቀበለች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የእጅ ጽሑፍህ እንደ ልማዱ ወደ ታች ይንሸራተታል። «እርሳስ ሲይዝም እንዲህ ነበር» አለች፤ ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች።

አምስቱን ቅጂ ለጸሐፊዋ አስረከብኩ፤ ማኅተም መታችልኝ። ከትናንት ወዲያ፣ ግንቦት 15፣ ኮሚቴው ፊት ገባሁ። ሰባት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም፤ ከመካከላቸው ሦስቱ ከላይኛው ጋር ምሳ የሚበሉ ናቸው። ሰብሳቢው አቤቱታዬን ወደ ጎን አድርጎ ያንተን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ ላይኛው ዞሮ «ካባው ጋ በየት በኩል ነው የሚኬደው?» አለው። ብቻ ይኼን። የላይኛው ስለ ሳይንስ ዘዴ መናገር ጀመረ። «መንገዱን ነው የጠየቅኩህ» አለው ሰብሳቢው። ያን ጊዜ ነው ግንባሩ ሲያልበው ያየሁት። ውሳኔው በሌላ ቀን ይነገራል። ቢያምርም ባያምርም ያቺን ጥያቄ ማንም አይወስድብኝም። ባያምር ደግሞ ከኮሚቴው በላይ ሌላ ኮሚቴ አለ፤ ወረቀት አለኝ፣ ቀለሙም ገና አላለቀም።

ግን አንድ ያልነገርኩህ አለ። ኮሚቴው የጠየቀው አምስት ነው። እኔ ያተምኩት ስድስት ነው።

ከስብሰባው በፊት ያለው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ የላይኛው ቤቱ ያለበት ሰዓት ነበር። ሚስቱ ተረኛ ሆነው መድኃኒት ቤት ነበሩ፤ በደረጃው ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ፣ እሳቸውን ዳግመኛ ማሽን ጠባቂ ማድረግ አልፈለግኩም። ወረቀትህን ወደ ላፕቶፑ ስካን አደረግኩት። ከዚያ ኔትወርኩን ቀየርኩ። አንተ አጥፊው ያልከኝን ስም አላጠፋሁትም ነበር። «ዝግጁ» ይላል። እኔም ዝግጁ ነበርኩ። አቤቱታዬን ከነቃልህ ላክሁት። «የላቤ ፍሬ» የሚለውን አላወጣሁትም።

ጣራው ጥርርር አለ። እናታችን ሹራብ ስትሠራ ነበር፣ መርፌዋን አቆመች። እግር ሄደ። እግር ቆመ። በኋላ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ደረጃውን ወረደ፣ የኛ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እንዲያንኳኳ ፈልጌ ነበር፤ የምለውን ሁሉ ደርድሬ ነበር። አላንኳኳም። ተመልሶ ወጣ።

«ማን ነው?» አለች እናታችን።

«እሳቸው ናቸው» አልኳት። አንቱ ያልኩት ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ደስ እንዲላት ነው።

ከሥራ እንደሚያስወጡህ ሰምተናል። ሾፌሩ ነግሮናል። ፍራሹ ቦታው ነው። ላፕቶፑን አልመልስልህም፤ ማተሚያ በመግጠም ሥራ መጀመር ከፈለግክ ግን እኔን ምስክር አድርገህ እንዳትጠራ፣ ለማንም አልመሰክርልህም። ይቅር አላልኩህም። ስትመጣ ጠረጴዛው ማዶ ትቀመጣለህ፣ ሁሉን ከመጀመሪያው ትነግረኛለህ፣ እጮህብሃለሁ፣ እናታችን ጎረቤት ሰማ ትላለች፤ ጎረቤት ከሰማ ቆይቷል። ይኼ አይቀርልህም።

የተቀመጠው ዕቃ ግን ያንተ ነው። ቃልህን ከሰጠህ ቃሌን መጠበቅ አለብኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን አለህ?